የተሰነጠቀ እጀታ እንዴት ይድናል? የካራ፣ የወይራና የውኃ ፊዚክስ

መግቢያ

የቢላዋ እጀታ መሥራት ሲያዩት ቀላል ሥራ ነው። አንድ ቁራጭ እንጨት ይጠረባል፣ በመካከሉ ይበሳል፣ የስለቱ ቀጭን ጫፍ ይገባበታል፤ በዚህም ሥራው ያበቃ ይመስላል። ይሁን እንጂ በገዛ እጁ የሞከረው ሰው እንደሚያውቀው፣ አምሮ የተጠናቀቀ እጀታ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከአንገቱ ጀምሮ ሊሰነጠቅ ይችላል። የዚህ ዓይነቱ ስንጥቅ ጉዳት በእንጨቱ ብቻ አይወሰንም። እጀታው የላላ ካራ ሥራ ላይ ሳለ በእጅ ውስጥ ስለሚዞር፣ የሚቆርጠው የታሰበውን ሥጋ ሳይሆን የያዘውን መዳፍ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ የሚነሡት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። እጀታው ለምን ተሰነጠቀ? ከተሰነጠቀ በኋላስ ሊድን ይችላል? ይህ ጽሑፍ፣ ጸሐፊው ራሱ በላስታ ደጋ በኩልመስክ ከፈጸመው ስሕተት በመነሣት፣ ለሁለቱ ጥያቄዎች መልስ ለመስጠት ይሞክራል። መልሱን ለማግኘት የሚያስፈልገው ፊዚክስ ከአንደኛ ዓመት ኮርስ ብዙም የሚያልፍ አይደለም። ዘዴውን ያሳዩኝ ግን ፊዚክስ ያልተማሩ አንድ አረጋዊ ቀጥቃጭ ናቸው።

የስሕተቱ ታሪክ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለገና በዓል ወደ ኩልመስክ ሄጄ ነበር። በቤቱ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ አንድ ካራ አለ። ስለቱ ደኅና ሆኖ ሳለ እጀታው በዕድሜ ብዛት ተበልቶ ስለነበር፣ በዓሉ ሳይደርስ እኔው ልተካለት ተነሣሁ። በጓሮው ባለፈው ክረምት የወደቀ የወይራ ቅርንጫፍ ነበረ። ወይራ ከባድ፣ ጠንካራና ሲለሰልስ የሚያምር እንጨት በመሆኑ ከዚህ የተሻለ ምርጫ አይገኝም ብዬ አሰብሁ።

እንጨቱን በመጋዝ ቆርጬ፣ በሞረድ ቅርጽ ሰጥቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስሁት። ወደ እጀታው የሚገባውን ቀጭን የብረት ጫፍ፣ ለዚህ ጽሑፍ ያህል የካራው ጅራት እንበለውና፣ ስለቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ጅራቱን በፍም አግዬ፣ አስቀድሞ በተበሳው ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ እያቃጠለ እንዲገባ አደረግሁ። በብዙ አገሮች የሚታወቅ የቆየ ዘዴ ነው። ብረቱ ሲቀዘቅዝ እጀታው እንደ ድንጋይ ጥብቅ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከጅራቱ መግቢያ ጀምሮ ወደ ኋላ የሚሄድ፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ስንጥቅ አየሁ። የመጀመሪያው ስሕተት ምን እንደሆነ ሳልመረምር ሁለተኛውን ጨመርሁበት፤ ስንጥቁን በኢፖክሲ ማጣበቂያ ሞልቼ በሽቦ ጠፍሬ አሰርሁት። ከሁለት ቀን በኋላ ማጣበቂያው እንዳለ ሆኖ ከጎኑ አዲስ ስንጥቅ ተከፈተ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ለገና ከጎረቤት ካራ ተዋስን።

ሦስት ተጠርጣሪዎች

የአንድን ጉዳት መንሥኤ ሳያውቁ ለመጠገን መሞከር ጉዳቱን ማባባስ ነው። ስለዚህ ዘግይቼም ቢሆን ሊጠረጠሩ የሚችሉትን ሦስት ምክንያቶች አንድ በአንድ በቁጥር መዘንሁ።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የጋለው ብረት ነው። ብረት ሲግል ስለሚስፋፋ እንጨቱን ከውስጥ ገፍቶ ሰንጥቆት ይሆን? ብረት መቅላት በሚጀምርበት 550 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ፣ 8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጅራት የሚጨምረው ስፋት ከ0.06 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ይህም ከአንድ ተራ ወረቀት ውፍረት ያንሳል። ከዚህም በላይ ብረቱ በቀዘቀዘ ጊዜ ወደ ቀድሞ መጠኑ ስለሚመለስ ግፊቱ አብሮ ይጠፋል። ስንጥቁ የታየው ደግሞ ብረቱ ከቀዘቀዘ ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ስለሆነም ብረቱን ዋና ጥፋተኛ ማድረግ አይቻልም።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ እንፋሎት ነው። በእርጥብ እንጨት ውስጥ የጋለ ብረት ሲገባ በዙሪያው ያለው ውኃ በቅጽበት ይተናል። በባሕር ጠለል ላይ ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ይዘቱ 1600 ጊዜ ያህል ያድጋል። ከባሕር ጠለል 2500 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው ላሊበላ የከባቢ አየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ በመሆኑ፣ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ይዘቱም ከ2100 ጊዜ በላይ ያድጋል። መውጫ ያጣ እንፋሎት ቀዳዳው ጫፍ ላይ ለዓይን የማይታይ ጭረት ሊፈጥር ይችላል። ይህ ተጠርጣሪ ከነገሩ ሙሉ በሙሉ ነጻ አይወጣም፤ የሦስት ቀኑን መዘግየት ግን አያስረዳም።

የቀረው ሦስተኛው ተጠርጣሪ ራሱ ውኃው ነው። ይኸውም እንጨቱን ቀስ በቀስ እየለቀቀ የወጣው ውኃ ነው።

እንጨት ሲደርቅ ምን ይሆናል?

የታጠበ ጋቢ ገመድ ላይ ሲሰጣ በመጀመሪያ ውኃው ይንጠባጠባል፤ መንጠባጠቡ ካቆመ በኋላም ጋቢው ገና እርጥብ ነው። በእንጨት ውስጥ ያለው ውኃም እንደዚሁ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በሕዋሶቹ ባዶ ቦታ ውስጥ የሚገኝ ነጻ ውኃ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ በሕዋሶቹ ግድግዳ ውስጥ ተጣብቆ የሚኖር ውኃ ነው። ነጻው ውኃ ሲወጣ እንጨቱ ይቀልላል እንጂ መጠኑ አይለወጥም። የግድግዳው ውኃ መውጣት ሲጀምር ግን ግድግዳዎቹ ስለሚቀጥኑ እንጨቱ ይኮማተራል። ለአብዛኞቹ እንጨቶች ይህ ወሰን የውኃው ክብደት ከደረቁ እንጨት ክብደት 30 በመቶ ያህል በሚሆንበት ጊዜ ላይ ይገኛል።

ኩምታሬው በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። በክሩ ርዝመት፣ ማለትም ግንዱ ወደ ላይ ባደገበት አቅጣጫ፣ ከ0.1 እስከ 0.3 በመቶ ብቻ ነው። ከግንዱ መሐል ወደ ቅርፊቱ በሚሄደው አቅጣጫ ጥቂት በመቶዎች ይደርሳል። የዕድገት ቀለበቶቹን ተከትሎ በዙሪያ በሚሄደው አቅጣጫ ግን የዚያ እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ በብዙ ጠንካራ እንጨቶች ከ6 እስከ 10 በመቶ ይደርሳል።

አሁን ወደ እጀታው እንመለስ። በዙሪያ አቅጣጫ ያለውን ጠቅላላ ኩምታሬ 8 በመቶ ብንወስድ፣ እንጨቱ ከ30 በመቶ እርጥበት ወደ 9 በመቶ ሲወርድ 5.6 በመቶ ያህል ይኮማተራል። ስለዚህ 8 ሚሊ ሜትር የነበረው የጅራቱ መግቢያ በ0.45 ሚሊ ሜትር ሊጠብብ ይፈልጋል። በውስጡ ያለው ብረት ግን አንድ ስንዝር ቀርቶ አንድ ፀጉር ያህል እንኳ ቦታ አይለቅም። እንጨቱ ለመጥበብ ሲታገል ብረቱ ስለሚከለክለው፣ እንጨቱ ከመጠኑ በላይ የተለጠጠ ያህል ይሆናል። እንጨት ደግሞ ክሩን አቋርጦ ሲሳብ ብርታቱ በክሩ ርዝመት ካለው ከሃያ እጥፍ በላይ ያነሰ ነው፤ ከ1 እስከ 2 በመቶ ያህል ሲለጠጥም ይበጠሳል። መጥረቢያ ፍልጥን በቁመቱ በቀላሉ የሚፈልጠው ስለዚህ ነው። የጋለው ብረት ካደረሰው ለውጥ ጋር ስናነጻጽረው የውኃው ሥራ ሰባት እጥፍ ይበልጣል፤ ከዚያም በላይ ሲቀዘቅዝ የሚመለስ ለውጥ አይደለም።

በኅዳርና በታኅሣሥ የደጋው አየር ደረቅ ነው፤ ነፋስም አለ። በቅርፊቱ ተጠብቆ ከክረምት ጀምሮ እርጥበቱን ይዞ የቆየ ቅርንጫፍ ቅርፊቱ ተልጦ ለዚህ አየር ሲጋለጥ ላዩ ቶሎ ይደርቃል፤ ውስጡ ግን እርጥብ እንደሆነ ይቆያል። የውጩ ክፍል ሊኮማተር ሲሻ የውስጡ ስለማይፈቅድለት፣ ብረት ባይኖርበት እንኳ ሊሰነጠቅ ይችላል። እኔ ብረቱን ጨመርሁበት።

ስንጥቅ ለምን አይቆምም?

ሁለተኛውን ስንጥቅ ለመረዳት ደግሞ ሌላ እውነት ማወቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1913 ኢንግሊስ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ፣ በአንድ የተወጠረ ሰሌዳ ላይ ቀዳዳ ሲኖር በቀዳዳው ጫፍ ያለው ውጥረት ምን ያህል እንደሚጨምር በስሌት አሳየ። ውጥረቱን የሚያበዛው የቀዳዳው ትልቅነት ብቻ ሳይሆን የጫፉ ሹልነት ነው። የስንጥቁን ርዝመት ለጫፉ ሬድየስ አካፍሎ፣ የውጤቱን ስኩዌር ሩት ወስዶ፣ በ2 አባዝቶ፣ 1 መደመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ደግሞ ግሪፊዝ የተባለው ሌላ መሐንዲስ፣ ስንጥቅ ሲረዝም የሚለቀቀው ኃይል አዲስ ገጽ ለመክፈት ከሚያስፈልገው ኃይል ከበለጠ ስንጥቁ በራሱ እንደሚቀጥል አስረዳ።

የኢንግሊስን ስሌት በእጀታው ላይ እንሞክረው። እንጨት እንደ ብርጭቆ ወጥ ቁስ ስላልሆነ ቁጥሩ ግምታዊ ነው፤ ሆኖም መንገዱን ያሳያል። የስንጥቁ ርዝመት 20 ሚሊ ሜትር፣ የጫፉ ሬድየስ 0.02 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በጫፉ ያለው ውጥረት በሌላው ቦታ ካለው 64 እጥፍ ይሆናል። በዚያው ጫፍ ላይ ሬድየሱ 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ ቀዳዳ ብንበሳ ግን ወደ 8 እጥፍ ይወርዳል። እንግዲህ የስንጥቅ መድኃኒት አንዳንድ ጊዜ ተጨማሪ ቀዳዳ ነው ማለት ነው።

ይህ ጉዳይ በእጀታ ብቻ የሚቀር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 ኮሜት የተባሉ ሁለት የመንገደኞች ጄት አውሮፕላኖች በሦስት ወር ልዩነት በጣሊያን አካባቢ ባሕር ላይ ተሰባብረው ወደቁ። በተደረገው ምርመራ የአንድ ኮሜት አካል በውኃ ገንዳ ውስጥ ተደርጎ ግፊት እየተጨመረበትና እየተቀነሰበት ሲፈተን፣ ውጥረት በሚከማችበት በመስኮት ማዕዘን አካባቢ ስንጥቅ ተነሥቶ አካሉን ቀደደው። ዛሬም በአውሮፕላን ጥገና የስንጥቅን ጫፍ በመሰርሰሪያ በስቶ እድገቱን መግታት የታወቀ ዘዴ ነው።

የእኔ ኢፖክሲ ይህን አላደረገም። የስንጥቁን ሆድ ሞላ እንጂ ጫፉን አላደነዘዘም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ መደበኛው ኩምታሬ ገና ሳይጠናቀቅ መሞላቱ ነው። እንጨቱ መኮማተሩን ሲቀጥል ጠንካራው ማጣበቂያ እንደ ሁለተኛ ብረት ሆኖ ተቃወመው፤ እንጨቱም ከጎኑ ተሰነጠቀ።

የቀጥቃጩ ምክር

በዓሉ ካለፈ በኋላ ካራውን ይዤ ወደ አንድ አረጋዊ ቀጥቃጭ ሄድሁ። ወናፋቸውን ወደ ጎን አድርገው እጀታውን ተቀበሉኝ፤ ካገላበጡትም በኋላ ጆሯቸው አጠገብ አድርገው በጥፍራቸው መቱት።

«አያ፣ ብረቱን አብዝቼ አግየው ይሆን?» ስል ጠየቅኋቸው።

«መምህር፣ ብረቱን አይውቀሱት» አሉኝ። «እንጨቱ ገና ውኃ አለበት። ውኃው ሳይወጣ በላዩ ላይ ዘጉበት።»

ቀጥሎም ጅራቱን አውልቀው እጀታውን ብቻ መለሱልኝ። «ምን ያስቸኩልዎታል? ሁዳዴ ሲገባ ካራ ሥራ የለውም። ፋሲካ ሳይደርስ ይዘውት ይምጡ» አሉኝ። ሁለቱን ጫፎች በሰም እንድቀባና ፀሐይ በማያገኘው ቦታ በገለባ ውስጥ እንዳኖረው አዘዙኝ።

ምክራቸው በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ምክንያት አለው። ውኃ በእንጨት ውስጥ በክሩ ርዝመት ሲጓዝ ክሩን አቋርጦ ከሚጓዘው ከ10 እስከ 15 ጊዜ ይፈጥናል። ስለዚህ የእጀታው ሁለት ጫፎች ከመሐሉ ቀድመው ይደርቃሉ፤ ይሰነጠቃሉም። ሰሙ ይህን በር ይዘጋል፤ ውኃው በጎን በኩል በዝግታና በእኩልነት እንዲወጣ ያስገድደዋል። ገለባው ደግሞ ነፋሱን ይከላከላል፤ በዙሪያው ያለው አየር እርጥበቱ በድንገት እንዳይለዋወጥም ይረዳል።

ለእንጨት የማይለዋወጥ አየር ምን ያህል እንደሚበጀው ለማየት በዚያው በላስታ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የእንጨት አግዳሚዎችና በኖራ የተለሰኑ የድንጋይ ረድፎች እየተፈራረቁ የተሠራ ሲሆን፣ ከስምንት መቶ ዓመታት በላይ አስቆጥሯል። ሕንጻው የቆመው በትልቅ ዋሻ ውስጥ ነው፤ ዝናብም ሆነ የቀትር ፀሐይ በቀጥታ አያገኘውም።

እጀታውን ወደ ሥራ ቦታዬ ወስጄ በየሳምንቱ በሚዛን መዘንሁት። መጀመሪያ 109 ግራም ነበር፤ ክብደቱ እየቀነሰ ሄዶ በ98 ግራም ላይ ቆመ። ከዚያው ቅርንጫፍ የተረፈችውን ቁራጭ በላቦራቶሪ ምድጃ ሙሉ በሙሉ አድርቄ ባሰላሁት መሠረት፣ እጀታው ኢፖክሲ በቀባሁት ሰሞን ገና 21 በመቶ ያህል እርጥበት ነበረው፤ በመጨረሻ ወደ 9 በመቶ ወርዷል። ከእጅ መዳፍ በማትበልጥ እንጨት ውስጥ 11 ግራም ውኃ ተደብቆ ነበር ማለት ነው። ሚዛን የሌለው ሰውም ቢሆን ይህን ማወቅ ይችላል፤ ቀጥቃጩ በጥፍራቸው መትተው የሰሙት ይህንኑ ነው። እርጥብ እንጨት ድምፁ የታፈነ፣ የደረቀው ደግሞ ጥርት ያለ ነው።

የማዳኑ ሥራ

ከፋሲካ በፊት የተከናወነው ጥገና የሚከተለው ነበር። ተመሳሳይ ችግር የገጠመው አንባቢ ቅደም ተከተሉን ሳያፋልስ ሊሞክረው ይችላል።

በመጀመሪያ የቀድሞው ማጣበቂያ በቀጭን የመጋዝ ምላጭ ተፋቀ፤ ወጣ ገባ የነበረው ስንጥቅም ወርዱ እኩል የሆነ ቀጭን ቦይ ሆነ። ሁለተኛውና ትንሹ ስንጥቅ እንደዚሁ ጸዳ።

ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ ስንጥቅ ጫፍ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው ቀዳዳ ተበሳ። ቀጥቃጩ ይህን ያደረጉት በጋለ ወስፌ ነው። ስንጥቁ በዓይን ከሚታይበት ቦታ ጥቂት አልፈው ነበር የበሱት፤ ትክክለኛው ጫፍ ሁልጊዜ ከሚታየው ቀድሞ ስለሚገኝ ነው።

ሦስተኛ፣ ከዚያው ከደረቀው ወይራ የተሰነጠቀ ቀጭን ስንጣሪ፣ ክሩ ከእጀታው ክር ጋር በአንድ አቅጣጫ ሆኖ፣ ከማጣበቂያ ጋር በቦዩ ውስጥ ገባ። አቅጣጫው አንድ መሆኑ ግዴታ ነው። ክሩ ተሻግሮ ቢገባ አየሩ በተለዋወጠ ቁጥር ስንጣሪውና እጀታው በተለያየ መጠን ስለሚኮማተሩ እርስ በርሳቸው ይላቀቃሉ።

አራተኛ፣ የጅራቱ ጉድጓድ በወርዱ በኩል በእያንዳንዱ ጎን ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል እንዲሰፋ ተደረገ። ይህ ክፍተት ለሚመጣው ክረምት የተተወ ነው። የአየሩ እርጥበት 40 በመቶ በሚሆንበት ወቅት እንጨት 8 በመቶ፣ 80 በመቶ በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ 16 በመቶ ያህል ውኃ ይይዛል። ስለሆነም የዳነ እጀታም ቢሆን በየዓመቱ መተንፈሱን አያቆምም። ጅራቱ ከዚህ በኋላ ያለ እሳት፣ ቀዝቃዛ እንደሆነ በማጣበቂያ ገባ። ጅራቱን እንደገና ማጋል ሙቀቱ ወደ ስለቱ ተሻግሮ የብረቱን ጥንካሬ እንዲያወርድ ስለሚያሰጋ ነው። በስለቱ ላይ ሰማያዊ ቀለም ከታየ ሙቀቱ 300 ዲግሪ አካባቢ ደርሷል፤ የስለቱም ጥንካሬ ቀንሷል ማለት ነው።

በመጨረሻ የእጀታው አንገት በጠፍር ተጠመጠመ።

ጠፍሩ እንዴት ይሠራል?

የጠፍር አልጋ ሲታሰር ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ጥሬ ቆዳ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ይታሰራል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተርና እንደ ክራር ክር ይወጠራል። ያው እጀታውን የሰነጠቀው የመድረቅ ጉልበት አሁን እጀታውን ለማጥበቅ ይውላል።

ግፊቱን ማስላት ቀላል ነው። የጠፍሩ ወርድ 6 ሚሊ ሜትር፣ የእጀታው ሬድየስ 15 ሚሊ ሜትር፣ በደረቀው ጠፍር ላይ ያለው ውጥረት 60 ኒውተን፣ ማለትም 6 ኪሎ ግራም የሚያህል ዕቃ የሚስብበት ያህል ቢሆን፣ በእንጨቱ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ከ6 የባሕር ጠለል ከባቢ አየር ግፊት በላይ ነው። ሁለት ድርብ ቢጠመጠም እጥፍ ይሆናል። ሽቦ ይህን ሊያደርግ አይችልም። እንጨቱ ሲኮማተር ሽቦው አብሮት ስለማይኮማተር ይላላል። ጠፍሩ ግን እየደረቀ ይከተለዋል።

ቀጥቃጩ በጠፍሩ ጫፍ ላይ ቋጠሮ አላደረጉም፤ በሦስት ዙር ሥር አሾልከው ብቻ ሳቡት። «ሲቸኩሉ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን ተረት የሰማ ሰው ይህ አስተሳሰር ያሰጋው ይሆናል። ነገር ግን በክብ ነገር ላይ የተጠመጠመ ገመድ በሰበቃ የሚይዘው ጉልበት ከዙሩ ብዛት ጋር በእጅጉ ያድጋል፤ እያንዳንዱ ዙር ቀዳሚውን ያባዛዋል እንጂ አይደምርበትም። የሰበቃውን ቁጥር 0.3 ብንወስድ ሦስት ዙር ጠፍር በአንደኛው ጫፍ ያለውን ጉልበት ከ280 እጥፍ በላይ ሊቋቋም ይችላል። በአንድ ወገን የአንድ ጣት ግፊት በሌላው ወገን የጠንካራ ሰው ስበት ይይዛል ማለት ነው። በቋጠሮው ፋንታ ሰበቃው ይበቃል።

የጠፍር ድካሙ ውኃ ነው። በክረምት ውኃ ጠጥቶ ሲለሰልስ ውጥረቱ ይጠፋል። ስለዚህ ከደረቀ በኋላ ሞቅ ባለ ሰም ይታሻል። እጀታው ራሱ ደግሞ በኑግ ዘይት በስሱ ሊቀባ ይችላል። የኑግ ዘይት ሊኖሌይክ በተባለው አሲድ የበለጸገ በመሆኑ አየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ቀስ በቀስ ይደርቃል። ቅቤ ግን አይደርቅም፤ እጀታውን አንሸራታች አድርጎ ያስቀረዋል። ሰሙም ሆነ ዘይቱ የውኃውን መግባትና መውጣት ያዘገዩታል እንጂ አያስቀሩትም።

መዳን የማይችለው የትኛው ነው?

እያንዳንዱን የተሰነጠቀ እጀታ ማዳን አይገባም። ስንጥቁ ከአንገቱ ተነሥቶ በሰያፍ በመሄድ በጎን የወጣ ከሆነ፣ እንጨቱ በሁለት ቁራጭ የተከፈለ ስለሆነ ጠፍሩ መልክ ይሰጠው እንደሆነ እንጂ ብርታት አይመልስለትም። ጉድጓዱ ውስጥ እንጨቱ ከስሎ በጣት ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነም ማጣበቂያው የሚይዘው ነገር የለም። ቅርንጫፉ ሲያድግ የተጠማዘዘና ክሩ እየዞረ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ እንደገና መሰንጠቁ አይቀርም። በነዚህ ሁኔታዎች ውስጥ ለእጅ ደኅንነት ሲባል አዲስ እጀታ መሥራት ይሻላል። ከተቻለ ግን ማዳኑ ይመረጣል። በላስታም ሆነ በሌላው የሰሜን ደጋ ያረጀ ወይራ ዛሬ የሚገኘው በአመዛኙ በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው፤ አንድ እጀታ ማዳን አንድ ቅርንጫፍ ማትረፍ ነው።

ከእጀታው ባሻገር

«ውኃው ሳይወጣ በላዩ ላይ ዘጉበት» የሚለው ቃል በላስታ ለሌላ ትልቅ ሥራም የሚነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ላይ በተደረገ ጥገና፣ ዝናቡን ለመከላከል ተብሎ ዓለቱ በሬንጅና በቀለም ተቀብቶ ነበር። ሐሳቡ መልካም ቢሆንም ዓለት በውስጡ ውኃ ይይዛል፤ ይህም ውኃ መውጫ ይፈልጋል። በላዩ የተቀባው ሽፋን ግን ያንን መውጫ ዘጋበት። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በሳንድሮ አንጀሊኒ መሪነት በተካሄደው የጥገና ሥራ ሬንጁና ቀለሙ ከብዙ ድካም ጋር ተፋቀ። አብያተ ክርስቲያናቱ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። እንደ እኔ እጀታ ሁሉ፣ በዚያም የቀደመውን ጥገና ማስወገድ የማዳኑ አንድ ክፍል ነበር።

ከዓለት የተፈለፈለ ሕንጻና ከእንጨት የተጠረበ እጀታ አንድ የሚያደርጋቸው ሌላም ነገር አለ። ሁለቱም በመቀነስ የሚሠሩ ናቸው። አንድ ጊዜ የተነሣው ቁራጭ ወደ ቦታው አይመለስም። ስለዚህ ሠሪው መሮውን ወይም ሞረዱን ከማንሣቱ በፊት የቁሱን ጠባይ ማወቅ ይኖርበታል፤ ከተሳሳተም በኋላ ሁለተኛውን ምት ከመምታቱ በፊት መጠበቅን መልመድ አለበት።

የብረት ሠራተኞችን ጥበብ መናቅ በአገራችን የቆየ ነውር ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰው ነበር። ንቀቱ የሚጎዳው ተሰዳቢውን ብቻ አይደለም፤ ዕውቀቱም ሳይጻፍና ሳይጠና ከባለቤቱ ጋር እንዲቀር ያደርጋል። እኔ የኢንግሊስን ስሌት በባዕድ አገር ተምሬ፣ ብዙ ዓመታትም አስተምሬዋለሁ፤ ስንጥቁን በማጣበቂያ ስሞላ ግን ትዝ አላለኝም። ቀጥቃጩ ስሌቱን አያውቁትም፤ ቀዳዳው የት መበሳት እንዳለበት ግን አልሳቱም። የሁለቱ ዕውቀት መገናኛ ቦታ የሳይንስ ፋኩልቲ መሆን ይገባዋል። የፊዚክስና የኬሚስትሪ ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ ጥናታቸው ርእስ ሲፈልጉ፣ በየወረዳው ያለው የቀጥቃጭ ቤት፣ የሸክላ ምድጃና የቆዳ ማልፊያ ያልተጠኑ ጥያቄዎች ሞልተዋቸዋል።

ካራው በዚያ ዓመት ለፋሲካ ደረሰ። ከዚያም ወዲህ ክረምቶች አልፈውበታል፤ ጠፍሩ በየዓመቱ መስከረም ላይ በሰም ይታሻል። በአንገቱ ላይ ሁለት ትናንሽ ክብ ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ ስንጥቆቹ ከነሱ አላለፉም።